የቤት ቅዳሴው ቁርስ

የቤት ቅዳሴው ተራ አትራክታ ጊልዲያ ዘንድ የደረሰው ባሏ በሞተ በሁለተኛው መስከረም ነው። በቀዬው አሥራ አንድ ቤት አለ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም፣ ቄሱ ንዋየ ቅድሳታቸውን ይዘው ወደ አንዱ ቤት ይመጡና እሳቱ ዳር ባለው ጠረጴዛ ላይ ይቀድሳሉ፤ ጎረቤቱ እዚያው ይናዘዛል፣ እዚያው ይቆርባል። ከዚያ በኋላ የቤቱ እመቤት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ውሃ ያልቀመሰውን ያን ሁሉ ሰው ቁርስ ታበላለች። ተራውን የዘለለ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የእሱም በር በዓመቱ በሳንቃ ተቸነከረ፣ ባለቤቶቹም እንግሊዝ ገቡ ተብሎ ቀረ።

ለአትራክታ ግን የዘንድሮው ተራ ከወግ በላይ ነበር። በነሐሴ መጀመሪያ ላይ አባ ላቬል ጥቁር መኪናቸውን አጥሩ ሥር አቁመው ገቡ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ ሰው ለማስቀየም በማይፈልግ ሰው ድምፅ፣ የመጡበትን ነገሯት። ትንሿ ልጅ ዲምፍና ትምህርት ቤት ሳይዘጋ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ይጥላት ነበር፤ ክንዷ የሸንበቆ ያህል ነው፤ ይህን መምህሩ አይተዋል። ከተማ ያሉት መነኮሳት ደግሞ የልጆች ማሳደጊያ አላቸው። ስድስት ዓመት ለመግባት ደህና ዕድሜ ነው፤ ታላቋ ኡና ከእናቷ ጋር ትቀራለች። አትራክታ ልጄን እኔው አሳድጋለሁ አለች። ቄሱም መስከረም ላይ ለቅዳሴው ስለሚመጡ ያኔ የቤቱን አቋም አይተው እንደሚወስኑ ነግረዋት ሄዱ።

መኪናው ከታጠፈ በኋላም ብዙ ቆማ አሰበች። ሃያ ሰው የምታበላ ሴት ሁለት ልጅ ማብላት አቃታት የሚል ማንም ሊኖር አይችልም። ቄሱ ማየት የሚፈልጉት ቤት ከሆነ፣ ቤት ታሳያቸዋለች።

የነበራት ግን ይህ ነው፤ ባሏ ፊንታን እንግሊዝ አገር ቦይ ሲቆፍር አፈር ተደርምሶበት ሲሞት የተቆረጠላት ትንሽ የመበለት ድጎማ፣ ስድስት ዶሮ፣ ክረምቱን ሙሉ የዘነበው ዝናብ ግማሹን ያበሰበሰው የድንች እርሻ። ላሟ ለቀብሩ ወጪ ተሸጣለች። እንቁላሉ እስካሁን ለሁለት ይከፈል ነበር፤ ከፊሉ በየሳምንቱ ለሚመጣው የሱቅ መኪና ይሰጥና በሻይ፣ በስኳርና በዱቄት ይለወጣል፣ ከፊሉን ልጆቹ ይበሉታል። ትምህርት ቤት በተከፈተ ሰሞን አትራክታ የልጆቹን ድርሻ አቆመች። እንቁላሉ ገና ከጎጆው ትኩስ እንዳለ በመዳፏ ቅቤ እያሸች በሸክላ ጋን ውስጥ ደረደረችው። እንዲያ የታሸ እንቁላል ወር ቢቆይ ዛሬ እንደተጣለ ነው።

ከዚያ ውጭ ያለውን ያገኘችው ከጉልበቷና ከብልሃቷ ነው። ከሥጋ ሻጩ ማንም የማይፈልገውን ግማሽ የአሳማ ጭንቅላት በትንሽ ሳንቲም ገዛች። እሱን ቀኑን ሙሉ ቀቅላ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ፈልቅቃ፣ በራሱ መረቅ አርጋ፣ በድንጋይ ተጭና ስታሳድረው፣ ሲቆረጥ የሀብታም ቤት የሚመስል ቀዝቃዛ ሥጋ ይወጣዋል። ባሕር ዳር ወርዳ ከድንጋዩ ላይ ቀዩን የባሕር ሣር ለቀመች፤ እሱ በወተት ሲፈላ እንደ ገንፎ ይረጋል፣ ለጣፋጭ ይሆናል። ወተቱን ከጎረቤቷ ከዊኒ ኮይን ያገኘችው አንድ ቀን ሙሉ ድንች ስትለቅምላት ውላ ነው። ከአጥሩ ላይ እንጆሪ ለቅማ ማርማላታ ሠራች። ድንቹን ከፊሉን ፍቃ፣ ከፊሉን ቀቅላ ደፍጥጣ፣ የድንች ቂጣ ጋገረች። ግድግዳውን ኖራ ቀባች። በዚያ ሦስት ሳምንት የሠራችው ሥራ ለሁለት ሰው የሚበዛ ነበር፤ እሷም አንድ ጊዜ የውሃ ጉድጓዱ ዳር ስትወድቅ ኡና ናት ያነሳቻት።

ለልጆቹ የቀረው ትንሽ ነው። ጭንቅላቱ በተቀቀለበት ዕለት ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የመረቁ ሽታ አጥሩ ድረስ ወጥቶ ጠበቃቸው። ዲምፍና ገብታ ድስቱ አጠገብ ቆመች። ምንም አልጠየቀችም፤ ቆመች ብቻ። አትራክታ መረቁ ሥጋውን እንዲያረጋው የተመጠነ መሆኑን፣ አንድ ጭልፋ ቢጎድል ሥጋው እንደሚፈርስ አስረዳቻት። ልጅቷ አንገቷን ነቀነቀች። የዋዜማው ዕለት ድንቹ ሁሉ ለቂጣው ስለገባ፣ ማታ የድንቹን ውሃ በሽንኩርትና በጨው ሰጠቻቸው። ነገ እንግዳው ሲሄድ የፈለጋችሁትን ትበላላችሁ አለቻቸው።

ደግሞም አስተማረቻቸው። እንግዳ ባለበት እጅ አይዘረጋም። የሚሰጣችሁ ካለ "አመሰግናለሁ፣ ጠግቤአለሁ" ትላላችሁ። ደግሞ ቢሰጣችሁ፣ ደግማችሁ "ጠግቤአለሁ" ትላላችሁ።

በዚያ አገር ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው፤ በሦስተኛው መቀበል ደግሞ ሌላው ጨዋነት ነው። የመጀመሪያውን ግብዣ የሚቀበል ሆዳም ይባላል፣ ሦስተኛውን የሚገፋ ኩሩ ይባላል። ይህን ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አትራክታ ግን ስለ ሦስተኛው ለልጆቿ አልነገረቻቸውም። ለልጅ ሦስት ጊዜ የሚለምን ሰው ይኖራል ብላ አላሰበችም።

ሐሙስ ጠዋት ገና ጎህ ሲቀድ ዊኒ ኮይን የሸክላ ስኒዎቿን በቅርጫት ይዛ መጣች። ዊኒ ከጎን ያለው ቤት እመቤት ናት፤ አፏ እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም። የተደረደረውን አይታ ከበሩ ላይ ቆመች።

"ባንክ ዘረፍሽ ወይስ አግብተሽ ደበቅሽን?"

"ግቢና ስኒውን አስቀምጪ።"

"ኧረ ልቀመጥም አልደፍር። እኔ ባለፈው ተራዬ ሲደርስ እንዲህ ያለ ሥጋ አላቀረብኩም፤ አሁን ባሌ ማቲ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራብኝ ይከርማል።"

ስኒዎቹን እያወጣች ግን ዓይኗ ዲምፍና ላይ ነበር። ልጅቷ ጸጉሯ ተጎንጉኖ፣ ከእናቷ አሮጌ ቀሚስ የተሰፋ ሰማያዊ ልብስ ለብሳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ዊኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ትንሿ ገና ስለማትቆርብ ጾም እንደማይዛት፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ ቢሰጧት ደህና መሆኑን ተናገረች። አትራክታ አራቱን ዳቦዎች አየቻቸው። ክብ፣ ከላይ በመስቀል የተሰነጠቁ፣ ያልተነኩ ናቸው። የተጀመረ ዳቦ ቄስ ፊት አይቀርብም፤ ከቤተሰብ የተረፈ ነው ይባላል። እንግዳው እስኪሄድ ነው፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም አለች። በኋላ ስታስታውሰው ከሁሉም በላይ ያንገበገባት ይህ ነበር፤ ከአራት ዳቦ አንድ ቁራሽ።

ቄሱ ደረሱ። ሰዉ አንድ በአንድ እሳቱ ዳር እየተንበረከከ ተናዘዘ፤ ማቲ ኮይን ሲነሳ፣ የሱ ኃጢአት ብዙ ስለሆነ ሻዩ እንዳይቀዘቅዝ መጨረሻ ላይ ይሁን ያለ ነበርና ሳቅ ታፈነ። ቅዳሴው አለቀ። ሃያ ሁለት ሰው ወጥ ቤቱን ሞላው። ኡና ሻይ ስትቀዳ፣ አትራክታ ሥጋውን እያዞረች ስታቀርብ፣ የምስጋናው ድምፅ ከዚህም ከዚያም መጣ። አንዷ ሥጋው ከየት ሱቅ እንደተገዛ ጠየቀቻት። አትራክታ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ቀለል ሲላት ተሰማት።

ቄሱ እንደ ወጉ ከወጥ ቤቱ ቀጥሎ ባለው የእንግዳ ክፍል ነበሩ፤ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ተነጥፎ፣ መምህር ሄነጋንና ማቲ ኮይን አብረዋቸው ተቀምጠው። ለቄሱ ሁለት እንቁላል፣ ለሁለቱ ሰዎች አንድ አንድ። ወተቱን ማን ያግባው ሲባል አትራክታ ጥቂት አመነታችና ማሰሮውን ለዲምፍና ሰጠቻት። ታጥባለች፣ ተበጥራለች፤ ቄሱ ከቅርብ ይዩዋት።

ልጅቷ ማሰሮውን በሁለት እጇ ይዛ ገብታ፣ አንድ ጠብታ ሳታፈስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። አባ ላቬል እንቁላላቸውን በማንኪያ ቆርቆር አድርገው አናቱን በቢላ ቀነጠሱት። በዚያ አካባቢ አባት የእንቁላሉን አናት ለልጁ ይሰጣል፤ ቄሱም ከገበሬ ቤት የወጡ ናቸውና ሳያስቡት ቁንጣሪዋን በማንኪያ አንስተው ዘረጉላት።

"እንኪ የኔ ልጅ፤ ይሄ የልጅ ድርሻ ነው።"

"አመሰግናለሁ አባ፣ ጠግቤአለሁ።"

"ይቺን ጨዋ!" አለ ማቲ። "የእኔዎቹ ቢሆኑ ማንኪያውንም አያስተርፉልዎትም ነበር።"

ቄሱ ፈገግ ብለው ደገሙላት። እሷም ደገመች። ሊተዉት ነበር፤ መምህሩ ግን፣ ቄስ የዘረጋው አይመለስም፣ ተቀበይ አሏት። ማንኪያው ለሦስተኛ ጊዜ ተዘረጋ። ለሦስተኛው የምትለው ነገር አልነበራትም። አናቱን በጣቶቿ አንስታ ከነቅርፊቱ አፏ ውስጥ ከተተችው።

ሲንኮሻኮሽ በክፍሉ ውስጥ ተሰማ።

"ቅርፊቱን ትፊው እንጂ፣ አንቺ ልጅ" አሉ መምህሩ።

"ይበላል" አለች ዲምፍና አፏ እንደሞላ። "ዶሮዎቹም ይበሉታል።"

ማቲ ሊስቅ ጀመረና የቄሱን ፊት አይቶ ተወው። አባ ላቬል ማንኪያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

"እንቁላል ትወጃለሽ?"

"አዎ።"

"ከበላሽ ቆየሽ?"

አሰበች። "ትምህርት ቤት ሳይከፈት በልቻለሁ።"

"ዶሮዎቹ መጣል አቆሙ እንዴ?"

"ይጥላሉ። የርስዎ ነው እኮ። እማ ቅቤ እየቀባች ጋን ውስጥ አስቀመጠችልዎ።"

አትራክታ የሻዩን ጀበና ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበር። መግባትም መመለስም አልቻለችም።

"ትናንት ማታስ ምን በላሽ?" አሉ ቄሱ፤ ድምፃቸው ገና የለዘበ ነው።

"የድንች ውሃ።"

"ድንቹስ?"

ልጅቷ ሞኝ ጥያቄ እንደጠየቋት ሁሉ አየቻቸው። ጣቷን ዘርግታ ሳህናቸው ላይ ያለውን የድንች ቂጣ አሳየቻቸው። "ይሄውልዎ።"

ቄሱ ከወንበራቸው ተነስተው ልጅቷን በብብቷ ይዘው በቦታቸው አስቀመጧት፤ ሳህናቸውን አስጠጉላት። ዲምፍና ወደ እናቷ ዞረች። አትራክታ በእሺታ አንገቷን ነቀነቀች፤ ሌላ ምን ታደርጋለች? ልጅቷም በላች። ሁለቱንም እንቁላል፣ ቂጣውን፣ ማርማላታውን፣ ቀና ሳትል፣ ሳትቸኩልም፣ ሥራ እንደሚሠራ ሰው በላች። መምህሩ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። ማቲ የራሱን እንቁላል ሳይነካ ወደ እሷ ገፋ አደረገው። ወጥ ቤት ያሉትም አንድ በአንድ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

ሰዉ እየተሰናበተ ሲወጣ ቄሱ አትራክታን ከቤቱ ጀርባ፣ የማገዶው ክምር ጋ አነጋገሯት።

"አልወቅስሽም" አሉ። "ሰው ያለውን ነው የሚሰጠው፤ አንቺ የሌለሽን ሰጠሽ።"

"ለዛሬ ብቻ ነው አባ። ይሄ ቅዳሴ ባይኖር እንቁላሉን እነሱ ይበሉት ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ወደ ኮይን ቤት አዛውረው ነበር። በዚህ ጉዳይ ማን ይቀየምሽ ነበር?"

"ብነግርዎ አይወስዷትም ነበር?"

ቄሱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩት።

"ሰኞ መጥቼ እወስዳታለሁ" አሉ በመጨረሻ። "እዚያ ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ ትበላለች። ይህን ልትጠዪ አትችዪም።"

መጥላት እንደማትችል ታውቃለች። መሸከም ያልቻለችውም ይህን ነው። ቢያዋርዷት፣ ቢቆጧት የምትመልሰው ነገር ይኖራት ነበር። ቄሱ ትከሻዋን ነክተዋት ሄዱ።

ቤት ስትገባ ዊኒ ብቻዋን ስኒ እያጠበች አገኘቻት። ጠረጴዛው ላይ ከሥጋው ከግማሽ በላይ፣ ሁለት ዳቦ ሳይቆረስ፣ በባሕር ሣሩ የረጋው ወተት በሙሉ፣ በጋኑም ውስጥ ስምንት እንቁላል ተርፏል። አትራክታ ለምን እንዳልተበላ አልገባትም። ዊኒ ጀርባዋን እንደሰጠች ነገረቻት፤ ሰዉ ሁሉ ተነጋግሮ ነው የመጣው፤ አንድ ቁራሽ ሥጋና አንድ ስኒ ሻይ ቀምሶ ለመነሳት። የመበለት ማዕድ አይጠረግም ተባብለው ነው።

"አንቺም ታውቂ ነበር?"

"እኔ ነኝ በየቤቱ የዞርኩት።"

"ለእኔ አንድ ቃል ብትነግሪኝስ?"

ዊኒ እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ብነግርሽ ትሰሚኝ ነበር? አንድ ቁራሽ ስጪያት ብልሽ እንኳ ጠዋት ምን አልሽኝ?" አለች። ከዚያ አለቀሰች፤ አትራክታ ግን አላለቀሰችም። አንዱን ዳቦ አንስታ ወፍራም ወፍራም አድርጋ ትቆርሰው ጀመር።

በነዚያ አራት ቀኖች ልጆቹ ከዚያ በፊት እህል ቀምሰው የማያውቁ እስኪመስሉ በሉ። አትራክታ ምንም አላስቀረችም፤ ሥጋውን ጠዋትም ማታም አቀረበች፣ እንቁላሉን ጠበሰች፣ የረጋውን ወተት ማርማላታ ጨምራበት በሳህን ሰጠች። ዶሮዎቹ የጣሉትንም ለሱቁ መኪና አልሰጠችም። ኡና ነገሩን ስለምታውቅ ከድርሻዋ እያነሳች ወደ እህቷ ሳህን ትገፋ ነበር። ዲምፍና በየቀኑ ቅዳሴ ቢኖር ጥሩ ነው አለች። ቅዳሜ ዕለት ከዶሮዎቹ ኋላ ስትሮጥ፣ ብዙ ወራት ሮጣ እንደማታውቅ እናቷ ያን ጊዜ አስተዋለች። እሑድ ማታ መነኮሳቱ ይምጣ ያሉትን ሁለት የውስጥ ልብስና አንድ ሹራብ አጣጥፋ በወረቀት ጠቀለለችው።

ሰኞ ጠዋት ጥቁሩ መኪና መጣ። ዲምፍና አጥሩ ላይ ተንጠልጥላ ቀድማ አየችው፤ እየሮጠች ወርዳ "አባ መጡ" አለች፤ ለቁርስ የመጡ መስሏት። አባ ላቬል ከመኪናው ወርደው ልጅቷን ሲያዩ እግራቸው ገታ አለ። ፊቷ ሞልቷል፣ ዓይኗ ጠርቷል፤ ከአራት ቀን በፊት ያዩዋት ልጅ አትመስልም። አትራክታ በሩ ላይ ሆና ቄሱ ልጅቷን ሲያዩ አየች። ቄሱ ልጅቷን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ ከቤቱ ኋላ ያለውን የበሰበሰ የድንች እርሻ አዩ፤ ቀጥሎ የሚመጣውን የብርድ ወራት ያዩ ይመስል ብዙ ጊዜ እዚያው ቆዩ።

ከዚያ የመኪናውን የኋላ በር ከፈቱ፤ አትራክታም በወረቀት የተጠቀለለውን ልታመጣ ወደ ቤት ገባች።